«ማን ሄዶ ለካው?» — የጋማ ጨረር ፍንዳታ ርቀት እንዴት ይታወቃል



ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ኮን፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። ኮንን ለማታውቋት፦ በሰሜን ወሎ፣ ዋድላ ወረዳ፣ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የላሊበላ መገንጠያ ከሆነችው ጋሸና አለፍ ብላ የምትገኝ ብርዳም የደጋ ከተማ ናት። አንድ ምሽት ከዒሻ በኋላ ከአያቴ ጋር ጋቢ ተከናንበን ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰማዩ በኮከብ ተሞልቶ ነበር። እኔም የፊዚክስ ተማሪ መሆኔን ላሳይ ብዬ፣ «አባባ፣ ከ7 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተነሳ ብርሃን በእኛ ዘመን ደርሶ ተመዝግቧል» አልኳቸው።

አያቴ ትንሽ ዝም አሉና፣ «ማን ሄዶ ለካው?» አሉኝ።

«ሳይንቲስቶች ናቸው» አልኩ።

«እሱማ ‹አሉ› ነው ልጄ። እኔ የጠየቅሁህ እንዴት እንደለኩት ነው።»

አያቴ ሂላል አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ እንኳ «በየት በኩል? ፀሐይ ከገባች ስንት ደቂቃ ሆኗት? ደመና አልነበረም?» ብለው ሳያጣሩ የማይለቁ ሰው ናቸው። የዚያን ምሽት በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። ይህ ጽሑፍ ያን መልስ ለመስጠት የተደረገ ሙከራ ነው።

ፍንዳታው ምንድን ነው?

ታሪኩ የሚጀምረው በሰላዮች ነው። አሜሪካ በ1963 የተፈረመው የኒውክሌር ሙከራ እገዳ ስምምነት መከበሩን ለመከታተል ቬላ የተባሉ ሳተላይቶችን ወደ ሕዋ ልካ ነበር። የኒውክሌር ቦምብ ሲፈነዳ ጋማ ጨረር ይለቃል፤ ሳተላይቶቹም ይህንኑ ጨረር ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1967 ብልጭታ መዘገቡ። ነገር ግን የብልጭታው ጠባይ የቦምብ አልነበረም። ተመሳሳይ ምዝገባዎች ሲበዙና አቅጣጫቸው ሲጣራ፣ ከምድርም ከፀሐይም እንዳልመጡ ታወቀ። ግኝቱ ለዓለም የተገለጸው በ1973 ነው።

ዛሬ የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች በሁለት እንደሚከፈሉ እናውቃለን። ከ2 ሰከንድ በላይ የሚቆዩት በአብዛኛው እጅግ ግዙፍ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ወደ ውስጥ ሲደረመስ የሚፈጠሩ ናቸው። አጫጭሮቹ በአብዛኛው ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ ይከሰታሉ። በሁለቱም ጊዜ ቁስ በብርሃን ፍጥነት አጠገብ፣ እንደ ባትሪ ጨረር ጠባብ ሆኖ ይወረወራል። ያ ጨረር ወደ እኛ አቅጣጫ ከተነጣጠረ ብልጭታውን እናያለን።

ብልጭታው ራሱ ለምን ርቀቱን አይናገርም?

በጨለማ ሌሊት በጋሸና መንገድ ላይ አንድ ነጠላ መብራት ከሩቅ አያችሁ እንበል። ቅርብ ያለ ባጃጅ ነው ወይስ አንድ መብራቱ የተቃጠለ ሩቅ ያለ ሲኖትራክ? በመብራቱ ድምቀት ብቻ መለየት አይቻልም። ደካማ መብራት ቅርብ ሲሆንና ኃይለኛ መብራት ሩቅ ሲሆን ለዓይን እኩል ሊታዩ ይችላሉ።

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከ20 ዓመት በላይ የተቸገሩት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጠቀችው የኮምፕተን ሳተላይት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ 2,704 ፍንዳታዎችን መዘገበች፤ እነሱም በሰማዩ ሁሉ እኩል ተበትነው ተገኙ። በኤፕሪል 1995 ዋሽንግተን ላይ ሁለት ሊቃውንት በአደባባይ ተከራከሩ። ዶናልድ ላምብ ፍንዳታዎቹ የእኛን ጋላክሲ ከሚከብበው ሰፊ ዙሪያ የሚመጡ ናቸው አለ። ቦህዳን ፓቺንስኪ ደግሞ ቢሊዮኖች የብርሃን ዓመት ከሚርቁ ጋላክሲዎች ነው አለ።

ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። የብርሃን ድምቀት በርቀቱ ስኩዌር ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች በርቀቱ ላይ በ10,000 እጥፍ ከተለያዩ፣ በፍንዳታው ጉልበት ላይ በ100 ሚሊዮን እጥፍ ይለያያሉ ማለት ነው። ርቀቱ ካልታወቀ ፍንዳታው ምን እንደሆነም አይታወቅም ነበር።

ከነበልባሉ በኋላ የሚቀረው ፍም

መፍትሔው የመጣው ከብልጭታው ሳይሆን ብልጭታው ትቶት ከሚሄደው ነገር ነው። እሳት ነበልባሉ ሲጠፋ ፍም ይቀራል። የጋማ ጨረር ፍንዳታም እንዲሁ ነው። የተወረወረው ቁስ በዙሪያው ካለ ጋዝ ጋር ሲላተም በኤክስሬይ፣ በተራ ብርሃንና በሬዲዮ ሞገድ የሚታይ ብርሃን ይፈጥራል። በዚህ ጽሑፍ «ቀሪ ብርሃን» እንለዋለን። ከፍም የሚለየው ግን እየደከመ በሚሄድበት ፍጥነት ነው፤ ጊዜው በ10 እጥፍ ሲረዝም ብርሃኑ በ10 እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ይደክማል። በአንደኛው ሰዓት የነበረው በዐሥረኛው ሰዓት ሲሶው እንኳ አይቀርም።

ቀሪ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ቤፖሳክስ በተባለች የጣሊያንና የሆላንድ ሳተላይት እርዳታ ነው። ሳተላይቷ የኤክስሬዩን ቦታ አሳየች፣ በካናሪ ደሴቶች ያለ ቴሌስኮፕም በዚያው ቦታ እየደከመ የሚሄድ ነጥብ አገኘ። ርቀቱ ግን ያኔም አልታወቀም።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ በሜይ 8 ቀን 1997 (በእኛ ሚያዝያ 30 ቀን 1989) ሌላ ፍንዳታ ታየ። ስሙ 970508 ነው፤ ስሙ ራሱ ቀኑ ነው፣ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። በሦስተኛው ቀን፣ በሃዋይ ተራራ አናት ላይ ያለው ባለ 10 ሜትሩ ኬክ ቴሌስኮፕ ወደ ቀሪ ብርሃኑ ዞረ። በማርክ ሜትዝገር የተመራው ቡድን የብርሃኑን ስፔክትረም አነሳ። ለአያቴ ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በዚያ ስፔክትረም ውስጥ ነው።

ብርሃን በወንፊት ሲያልፍ

ስፔክትረም ማለት ብርሃንን እንደ ቀስተ ደመና በቀለማት ዘርግቶ ማየት ነው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ የሞገድ ርዝመት አለው፤ የምንለካውም በናኖሜትር ነው። ዓይናችን የሚያየው በግምት ከ400 (ሐምራዊ) እስከ 700 (ቀይ) ናኖሜትር ያለውን ነው።

ቀሪ ብርሃኑ ከምንጩ ሲነሳ ቀለማቱ ያልተቋረጡ፣ ለስላሳ ናቸው፤ ምንም ምልክት የለባቸውም። ነገር ግን ወደ እኛ ከመውጣቱ በፊት ፍንዳታው በተከሰተበት ጋላክሲ ውስጥ ያለውን ጋዝ ማቋረጥ አለበት። ጋዙ እንደ ወንፊት ነው፣ ሆኖም የሚያስቀረው እንደ ወንፊት በመጠን ሳይሆን በቀለም ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን የተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ብቻ ይዞ ያስቀራል፤ ሌላውን ያሳልፋል። በተያዘው ቦታ ላይ በስፔክትረሙ ጥቁር መስመር ይታያል። ብረት የራሱ መስመሮች አሉት፣ ካርቦንም ሲሊከንም እንዲሁ።

ለመለየት ከሚመቹት አንዱ አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው ማግኒዥየም ነው። በቤተ ሙከራችን ሲለካ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ መስመሮች አሉት፤ አንዱ በ279.64፣ ሌላው በ280.35 ናኖሜትር ላይ። እንደ መንታ ልጆች ናቸው፣ አንዱ ባለበት ሌላው ይኖራል። በ970508 ስፔክትረም ላይ እነዚህ መንትዮች ከብረት መስመሮች ጋር ተገኙ። የተገኙት ግን በቦታቸው አልነበረም። ወደ 513.1 እና 514.4 ናኖሜትር ገደማ ተሻግረው፣ በአረንጓዴው ቀለም ውስጥ ቆመው ነበር።

ላስቲኩ ሲለጠጥ

አንድ የሱሪ ላስቲክ ወስዳችሁ በእስክሪብቶ ምልክቶች አድርጉበትና ለጥጡት። ሁሉም ምልክቶች በአንድ ዓይነት ምጥጥን ይራራቃሉ። ብርሃንም በጉዞው ላይ ሳለ ጠፈሩ ራሱ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ የሞገድ ርዝመቱ አብሮ ይለጠጣል። በዚህ ምክንያት መስመሮቹ ወደ ቀዩ ወገን ይሸሻሉ፤ ይህ ሽሽት ሬድሺፍት ይባላል።

ሒሳቡ ካልኩሌተር ብቻ ይፈልጋል። የተገኘውን በቤተ ሙከራው ቁጥር እናካፍል፦

513.1 ÷ 279.64 = 1.835
514.4 ÷ 280.35 = 1.835

ሁለቱ እኩል መምጣታቸው ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ምስክሮች ሳይነጋገሩ አንድ ቃል እንደመስጠት ይቆጠራል። ብረቱም ሲጨመር ያው ምጥጥን ይወጣል። መስመሮቹን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አምታተናቸው ቢሆን ኖሮ ምጥጥኖቹ አይገጣጠሙም ነበር። ከ1.835 ላይ 1 ሲቀነስ 0.835 ይቀራል፤ የዚህ ጋዝ ሬድሺፍት ይህ ነው። ትርጉሙም፦ ብርሃኑ በዚያ ጋዝ ካለፈበት ጊዜ ወዲህ ጠፈር በ1.835 እጥፍ ሰፍቷል።

ከዚህ ወደ ዓመት ለመሄድ ጠፈር በየዘመኑ በምን ፍጥነት እንደሰፋ ማወቅ ያስፈልጋል። ያም ከሌሎች ልኬቶች ይታወቃል። ሒሳቡ ሲሠራ ብርሃኑ ወደ 7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። 7 ቢሊዮን ዓመት የጉዞው ጊዜ ነው። ጠፈሩ በጉዞው መሐል ስለሰፋ፣ ያ ጋላክሲ ዛሬ ያለበት ርቀት ከ9 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ይበልጣል። ስለዚህ «ይህን ያህል የብርሃን ዓመት ይርቃል» የሚል ስታነቡ የትኛው ማለት እንደሆነ ጠይቁ።

በዚያች ቀን የፓቺንስኪ ወገን አሸነፈ። ጉልበቱም ሲሰላ፣ ብርሃኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ወጥቷል ከተባለ፣ ፀሐያችን በ10 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜዋ ከምትሰጠው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ጨረሩ ጠባብ በመሆኑ እውነተኛው ጉልበት ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም እጅግ ብዙ ነው።

«ቢያንስ» የምትለዋ ቃል

አሁን አያቴን የሚያስደስታቸው ክፍል ላይ ደረስን። የተገኙት መስመሮች የጋዙን ርቀት ነው የሚናገሩት፣ የፍንዳታውን አይደለም። ጋዙ ከፍንዳታው ፊት ለፊት እንዳለ እናውቃለን፤ ባይሆን ኖሮ ብርሃኑን ባልያዘው ነበር። ግን ፍንዳታው በዚያው ጋላክሲ ውስጥ ነው ወይስ ከኋላው ርቆ? ጥቁሩ መስመር ብቻውን ይህን አይመልስም። በመጋረጃ ውስጥ የሚያልፍ የፋኖስ ብርሃን መጋረጃው የት እንዳለ ቢነግረንም፣ ፋኖሱ ከመጋረጃው ምን ያህል እንደሚርቅ አይነግረንም።

በእርግጥም በ970508 ስፔክትረም ላይ ሁለተኛ የመስመሮች ስብስብ በ0.767 ላይ ነበር፤ ይህ በመንገድ ላይ ያለ ሌላ ቀረብ ያለ ጋዝ ነው። ተመራማሪዎቹ በጽሑፋቸው ያሉት «0.835 ነው» ሳይሆን «ከ0.835 አያንስም» ነው። ከላይ ደግሞ ገደብ ሰጡ፦ ፍንዳታው ከ2.3 ገደማ በላይ ቢርቅ ኖሮ በመንገዱ ያለው ሃይድሮጅን በሚታየው ቀለም ላይ ብዙ ጥቁር መስመሮችን ይተው ነበር፤ ያ አልታየም።

ቁርጡ የታወቀው ቀሪ ብርሃኑ ከከሰመ በኋላ ነው። ፍንዳታው በነበረበት ቦታ አንዲት ደካማ ጋላክሲ ታየች፤ የራሷ ጋዝ የሚፈነጥቀው ብሩህ መስመርም በዚያው 0.835 ላይ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ማረጋገጫም መጥቷል። አንዳንድ የብረት መስመሮች የሚታዩት ጋዙ በኃይለኛ ብርሃን ሲቀሰቀስ ብቻ ነው። እነሱ ከታዩ ጋዙን የቀሰቀሰው ፍንዳታው ራሱ ነው፤ ማለትም ጋዙና ፍንዳታው ጎረቤታሞች ናቸው።

መስመሮቹ ከዓይን ሲያልፉ

አንዳንድ ፍንዳታዎች እጅግ ስለሚርቁ ማግኒዥየሙ ለመፈለግ አይመችም። ያኔ ሃይድሮጅን ይረዳል። የሃይድሮጅን ዋና መስመር በ121.6 ናኖሜትር ላይ ነው። በጥንታዊው ጠፈር ሃይድሮጅን ብዙ ስለነበረ ከዚህ መስመር በታች ያለው ብርሃን ሁሉ ይዋጣል፤ ስፔክትረሙ እንደ ገደል አፋፍ ድንገት ይቆረጣል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2009 በታየው ፍንዳታ ገደሉ የተገኘው በ1,119 ናኖሜትር ገደማ፣ ዓይን በማያየው በኢንፍራሬድ ውስጥ ነው። 1,119ን ለ121.6 ብናካፍል 9.2 ይሆናል፤ ሬድሺፍቱ 8.2 ነው ማለት ነው። ብርሃኑ 13 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል።

ከሰዓት ጋር የሚደረግ ሩጫ

ሂላል ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ የምታውቁ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። የመጀመሪያዋ ጨረቃ ከመጥለቋ በፊት ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ አቅጣጫውን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ደመና ከመጣም ያመልጣል። ቀሪ ብርሃንም እንዲሁ ነው። ጨረቃ ግን በማግስቱ ትመለሳለች፤ ቀሪ ብርሃን ካመለጠ አይመለስም።

በኖቬምበር 2004 የመጠቀችው ስዊፍት ሳተላይት ለዚህ ነው የተሠራችው። ፍንዳታ ስታይ በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥ ራሷን አዙራ ቦታውን ወደ ምድር ትልካለች። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ምድር ላይ ነው፦ በዚያ ሰዓት ሌሊት የሆነበት፣ ሰማዩ የጠራ፣ ቴሌስኮፕ ያለበት አገር ማን ነው?

አንድ ምሳሌ እነሆ። በመጋቢት 10 ቀን 2000 (እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2008) የታየው ፍንዳታ፣ 7.5 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ ብርሃኑ፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያለ መሣሪያ በዓይን ሊታይ እስከሚችል ድረስ ደምቆ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ግን ከጧቱ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነበርና ከኮን ማንም ሊያየው አይችልም ነበር።

ላስታ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች በብዛት ያሉት በሃዋይ፣ በቺሊና በካናሪ ደሴቶች ነው። እዚያ ቀን ሲሆን ሌሎች ተረኞች ያስፈልጋሉ። አፍሪካ ውስጥ ትልቁ ቴሌስኮፕ በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ያለው ሳልት ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ሲጋጩ ከታየው ብርሃን ቀደምት ስፔክትረሞችን ካነሱት አንዱ እሱ ነበር። ሰዘርላንድ ግን ወደ ደቡብ ስለሚርቅ የሰሜኑን ሰማይ ዳር አያይም። የ970508 ቦታ ከዚያ ከቶ አይወጣም። ከላስታ ግን፣ ከሰሜኑ አድማስ ከ23 ዲግሪ ባይበልጥም፣ ይታያል። ከምድር ወገብ 12 ዲግሪ ብቻ ስለምንርቅ ሁለቱንም ሰማይ እናያለን።

በአገራችን በእንጦጦ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። እነዚህ ደማቅ ቀሪ ብርሃንን ፎቶ አንስተው አደካከሙን ለመከታተል ይችላሉ፤ ለደካማ ብርሃን ስፔክትረም ግን ከዚያ የሚበልጥ መስተዋት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ መብራትም ያስቸግራል። ከመብራት የራቁ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆኑ የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለትልቅ ቴሌስኮፕ ቦታነት የታጩትና የተጠኑት ለዚህ ነው። ክረምቱ ደመናማ መሆኑን አንክድም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያሉትን ሌሊቶች ግን የደጋ ልጅ ያውቃቸዋል። ተራራው አለ፣ ጨለማውም አለ። የጎደለው መስተዋቱና ስፔክትረም ማንበብ የሚችለው ሰው ነው። ሁለተኛው ከእኛ ዘንድ ሊጀመር ይችላል፤ የየፍንዳታው ማሳወቂያ ለማንም ክፍት ነውና።

ለመለማመድ ያህል ይህን ሞክሩ። የመጋቢት 10ሩ ፍንዳታ የማግኒዥየም መንትዮች በ541.7 እና በ543.0 ናኖሜትር ላይ ቢቆሙ፣ ሬድሺፍቱ ስንት ነው? ሁለቱንም ለየብቻ አስሉ፤ መልሳችሁ 0.937 ከሆነ ልክ ናችሁ።

ሒሳቡን ከጨረስኩ በኋላ ለአያቴ ስልክ ደወልኩ። ማንም እንዳልሄደ፣ ብርሃኑ ራሱ መጥቶ በመንገዱ የገጠመውን ጋዝ ምልክት እንዳሳየ፣ ሁለቱ መስመሮች አንድ ቃል እንደሰጡ፣ ሰዎቹም በመጀመሪያ «ቢያንስ» ብለው እንደጻፉ ነገርኳቸው። እሳቸውም «ያዩትን ያህል ነዋ የተናገሩት፤ ጥሩ» አሉና ስለ ፈተናዬ ጠየቁኝ።

ወሰላሙ ዓለይኩም።